ለዋጩ ሉጥፊና የሐጂ ጀማሉ ባቡር

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ጨረታው ግቢ ወረድ ብሎ፣ የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ "ሉጥፊ የት ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ድምፁን ይሰማዋል። ሉጥፊ ከዕቃ ጋር ይጣላል። ማራገቢያውን "አንተ ሰነፍ፣ ባለፈው ሳምንት አልነበር የሠራሁህ?" ይለዋል። ሬዲዮውን ይሰድባል፣ ስልኩን ይለምናል፣ ቴሌቪዥኑን ይመክራል። ባለ ዕቃው ይስቃል፣ በሩ ላይ ሻይ የምታፈላው ሴት ትስቃለች። እሱ ግን የምሩን ስለሆነ አይስቅም።

ተቆጥቶ ሲጨርስ ቴስተሩን ወዲያ ወዲህ ነካ ነካ ያደርግና ፍርዱን ይሰጣል፦ "ካርዱ ሄዷል። ይቀየር።"

ካርድ የሚለው የዕቃውን ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው፤ ይህችን ቃል ከተማው በሙሉ ያውቃታል። ቴሌቪዥን ቢመጣ ካርዱ ሄዷል፤ የሶላር ዕቃ ቢመጣ ካርዱ ሄዷል። አንድ ቀን የእጅ ወፍጮ ያመጡበት ሰዎች "ይሄ እንኳ ካርድ የለውም" ቢሉት፣ "ለዚህ ነዋ የተበላሸው" አላቸው ይባላል። እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ግን ሉጥፊ እንዲህ አይልም ብዬ አልምልም።

በሙያው ሰነፍ ነው ማለት ግን ግፍ ነው። የለዋጭነት ዓመሉ የመጣው ከእርሻው ነው። መተማ ተወለደ፤ አባቱ ሲሞት እናቱ ናጂያ እሱን አዝላ ጋላባትን ተሻገረችና ገዳሪፍ ገብታ፣ ግመል እየዞረ ሰሊጥ ከሚጨምቅበት ከዐሳራው ቤት ሥራ ያዘች። ልጁ ጢሙ ብቅ ሲል ዶካ መናኸሪያ ሄዶ የአውቶቡስ ቴፕ መጠገን ጀመረ። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ወደ ቁረይሻና ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ይወርዳል። ከጎንደር ቆላ የመጡ አጫጆች ሬዲዮናቸውን ይዘውለት ይመጣሉ፤ የሚወስዳቸው ሎሪ ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። "በል ቶሎ በል፣ መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው።" እንዲህ እየተባለ የትኛዋ ሽቦ እንደላላች ቁጭ ብሎ የሚፈልግ ማን ነው? አሮጌውን ካርድ ነቅሎ አዲሱን ይሰካል፣ አለቀ። ሰውየው ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሎሪው ላይ ይንጠለጠላል። ሉጥፊ ዛሬ የራሱ ሱቅ ያለው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው። ያ ሎሪ ግን አሁንም ከጀርባው ቆሞ የሚያንጓራ ይመስለዋል።

አማልን ያወቃት በማራገቢያ ነው። የምትሠራበት ፋርማሲ ማራገቢያ ቆሞባት ይዛው መጣች። እሱም እንደ ልማዱ ነካ ነካ አደረገና "ካርዱ ሄዷል" አላት።

አማል ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ መሐል ላይ ዐረብኛው ሳይጠራ ይገባል። ማራገቢያውን አዞረችና ገመዱን አሳየችው፤ መሰኪያው ሥር አይጥ ቆርጥማዋለች። "ወላሂ የሄደውስ ያንተ ካርድ ነው" አለችው።

ሻይ የምታፈላዋ ሴት እስከ ዛሬ ይህን ታነሣበታለች፤ አፉን ከፍቶ ቃል ያልወጣው ያን ዕለት ብቻ ነው ትላለች። ከዚያ በኋላማ ራሱን ያመው ጀመር። ጠዋት ያመዋል፣ ፋርማሲ ይሄዳል። ከሰዓት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ፋርማሲ ይሄዳል። የገዛቸው ክኒኖች ቤት ሲከማቹ ናጂያ ደንግጣ "ልጄ፣ ምን ደብቀኸኝ ነው?" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ነገሩን ሲነግራት ግን ዕንባዋን ትታ ለሽምግልና የሚላኩትን ሰዎች መምረጥ ያዘች።

እንግዲህ የአማል አባት ሐጂ ጀማሉ እንዲህ በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። ከጎንደር በልጅነታቸው መጥተው ሱዳን ባቡር ላይ ረዳት ሆነው ገቡ፤ ኋላም ነጂ ሆነው ከከሰላ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ሰናር ሲመላለሱ አረጁ። ባቡሩ ቆመ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ኢንቲሳር ከሞተች ወዲህ ከአማል ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ።

ናጂያ ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን አልላከችም። ከመጀመሪያው ጭማቂ ጥርት ያለውን የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ሞላች፣ አፉንም በአረንጓዴ ጨርቅ አሰረች። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ ነገሩንም እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ልጁን አውቀዋለሁ" አሉ። "ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው። ግን ለዋጭ ነው። አንድ ነገር ሲታመምበት አስታሞ አያውቅም፤ ነቅሎ ይጥልና ሌላ ያስገባል። ልጄ አንድ ቀን ብትታመምበት ምን ሊያደርጋት ነው?"

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፈልገው ተነሡ። ዘይቱ እዚያው ቀረ፤ ስጦታ መመለስ ነውር ነው። እነሱ ግን ተመለሱ።

ሉጥፊ አዘነ። ሰው አኩራፊ ነው የሚለው፣ ግን አላኮረፈም፤ አዘነ። ያሳዘነው ደግሞ መከልከሉ አልነበረም። ሐጂ ያሉት እውነት መስሎ ስለታየው ነው።

አሁን ወደ ባቡሯ ልምጣ። የሐጂ ታላቅ ልጅ አኑዋር ጀርመን ነው፤ እዚያ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። ከዓመታት በፊት ለአባቱ አንዲት ክንድ የማትሞላ የባቡር ጎታች፣ ከነሀዲዷና ከነዘይቷ፣ በመንገደኛ ላከላቸው። አባትየው ይነዱት የነበረውን ዓይነት ዲዝል ናት፤ ቀለሟም ያው ነው። ሐጂ እንግዳ በሚቀበሉበት ዲዋናቸው ውስጥ ጠረጴዛ አሠርተው ሀዲዱን በላዩ ዘረጉት። በየጁምዓው ከመስጊድ ሲመለሱ ባቡሯን ይወለውሏታል፣ ዘይት ይቀቧታል፣ ከዚያም በሪሞት ያስነሷታል። ባቡር ሳይቀባ አይነሣም፤ እሳቸው የተማሩት እንዲህ ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሕጉ አንድ ነው። ባቡሯ እንደ እውነተኛው ዱግ ዱግ ዱግ ትላለች፣ ትጮኻለች፣ ትዞራለች። ይህን ሁሉ የምታዘው ሆዷ ውስጥ ያለች፣ አውራ ጣት የማትሞላ ካርድ ናት። ሞተሩንም ድምፁንም የያዘችው እሷ ናት።

ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወቅት፣ ገብቶ ከተማው በዋልካ ጭቃ በተያዘበት ወር ባቡሯ ታመመች። ስትነሣ ዱግ ዱግ ትላለች፤ "ሂጂ" ሲሏት ንቅንቅ ትልና ድምፅዋ ቀጥ ይላል። ትንሽ ቆይታ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች። አሁንም "ሂጂ" ሲሏት ያው ነው። ሐጂ አንድ ሳምንት ታገሡ፣ ሌላም ታገሡ። በሁለተኛው ጁምዓ ምሳ አልበላ አሉ። አማል ይህን ጊዜ ነበር "አባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሉጥፊን ልጥራው" ያለችው። ሐጂ እሺም እንቢም አላሉ። አማል እሺ ብላ ተረጎመችው።

ሉጥፊ እንዴት እንደመጣ አትጠይቁኝ። ከገበያ እስከ ሐጂ ቤት ባለ ሦስት እግር ረክሻ ይዞ፣ ጭቃው ላይ ሲጣበቅበት ወርዶ እየገፋ፣ ሸሚዙን አበላሽቶ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ የሐጂን እጅ ስሞ ገባ። ጠረጴዛውን፣ ሀዲዱን፣ ባቡሯን ሲያይ በጣም ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ደህና ሄደ። የገዳሪፍ አቧራ የማይገባበት የለምና መንኮራኩሮቿን በአልኮል ጠረገ፣ ሀዲዱን ወለወለ። እንዲህ ያለው ዕቃ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሀዲዱ በመንኮራኩሩ ነው፤ ከቆሸሸ ይቆራረጣል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እስከዚህ ወደዱት። ባቡሯ ተነሣች፣ ዱግ ዱግ አለች፣ "ሂጂ" ተባለች፣ ንቅንቅ አለች፣ ቀጥ አለች። ሉጥፊ ከፈታት፣ ካርዷን በጣቱ ነካ። ትፋጃለች።

ያ ሎሪ ከጀርባው አንጓራ መሰለኝ። አፉ ቀደመው።

"ሐጂ፣ ካርዱ ሄዷል። ይቀየር። አኑዋር ከጀርመን አዲስ ይላክና እኔ..."

ሐጂ ባቡሯን ከእጁ ወሰዱ። አልተቆጡም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ደክመሃል" አሉት። ከዚህ የባሰ ስድብ ሉጥፊ ሰምቶ አያውቅም።

አማል እስከ ውጭው በር ተከተለችው። ፊቷ ነዷል። "አንተ ሰው፣ ምን እንዳልክ ታውቃለህ?"

"ካርዱ ይፋጃል፤ የተቃጠለ ነው የሚመስለው።"

"ካርዱ ላይ እኮ እናቴ አለች።"

ያን ጊዜ ነገረችው። ባቡሩ ለመጨረሻ ጊዜ ገዳሪፍ ሲገባ ኢንቲሳር የነጂው ክፍል ውስጥ ነበረች፤ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ የገባችው ያን ዕለት ነው። አኑዋር ቴፕ ይዞ ይቀዳ ነበር። ሐጂ ከተማው ሲቀርብ ሁልጊዜ አንድ ረዥም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረዥም ይነፉ ነበር፤ ኢንቲሳር ቤት ሆና ስትሰማ ፉሉን እንድትጥድ። ያን ዕለት ግን የመጨረሻቸው ስለሆነ ጡሩምባውን ይዘው አልለቅ አሉ። እሷም ጆሮዋን ይዛ ጮኸችባቸው፦ "ይበቃሃል ጀማሉ፣ ሰው አደነቆርክ።" ይኸው አብሮ ተቀዳ። አኑዋር ጀርመን ሆኖ ድምፁን ካርዷ ላይ ሲያስጭን የእናቱን ቃል ሳይቆርጥ ተወው። ካሴቱን መልሶ ልኮት ካርቱም ዘመድ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ከቤቱ ጋር ሄደ፤ አኑዋር ጋ የቀረው ቅጂም ከአሮጌ ኮምፒዩተሩ ጋር ጠፍቷል። የኢንቲሳር ድምፅ አሁን ሌላ የትም የለም።

"አባቴ በየጁምዓው የሚሰማው እሷን ነው" አለች አማል። "እኔም በሠርጌ ቀን እናቴን ሳልሰማ ከዚያ ቤት አልወጣም። ካርዱ ከተቃጠለ ኸላስ፣ ጠፋች።"

ሉጥፊ በጭቃው ውስጥ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ያፈረውን ያህል ፈርቶም ነበር። ባቡሯ በተነሣች ቁጥር ያቺ ካርድ እየጋለች ነው፤ አንድ ቀን እውነትም ትቃጠላለች። በማግስቱ ተመልሶ የሐጂን በር አንኳኳ።

"ሐጂ፣ ካርዱን አልነካም። ምንም አልቀይርም። በሽታውን ብቻ ልፈልግ። ካልሆነልኝ ደግሜ አልመጣም፤ ስለ አማልም ሰው አልልክም።"

ሐጂ ከበሩ ገለል አሉ። "ግባ" አሉ።

አማል ለወንድሟ ደወለች፤ አኑዋር ከጀርመን በስልክ አስጠነቀቀው። "ካርዱና ሞተሩ ተያይዘው እያሉ ኤሌክትሪክ እንዳትሰጣት። መጀመሪያ አለያያቸው። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቃቸው፤ ጥፋተኛው ራሱ ይናገራል።" ይህን ሉጥፊ ወደደው፤ ከዕቃ ጋር መነጋገር የሱም ሙያ ነው።

የመበየጃ ካውያውን አጋለ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ከእርሳሱ አላቀቀ። የተፈቱትን ጫፎች እንዳይነካኩ በፕላስተር ሸፈነ። አንድም ስድብ አልተሳደበም። ከዚያ ካርዷን ብቻዋን ሀዲዱ ላይ አስነሣት። ዱግ ዱግ ዱግ። "ሂጂ" አላት፤ ድምፅዋ ከፍ አለ፣ አልተቋረጠም። ቆየ፣ አሁንም አልተቋረጠም። ካርዷን ነካት፤ ቀዝቃዛ ናት።

"ጤነኛ ናት" አለ ሉጥፊ። እጁ የጡሩምባው ቁልፍ ላይ ሊያርፍ ሲል ሐጂ ያዙት።

"እሷን ተዋት። ባቡሩ ሳይሄድ አትጮኽም" አሉ። የዐስር ሶላት ተጠርቶ ነበርና ተነሥተው ወደ መስጊድ ሄዱ። አማል የዲዋኑን በር በሰፊው ከፍታ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀመጠች፤ የሰፈሩ ሰው እንዳያማ።

ቀጥሎ ሞተሩ ተጠየቀ። ሉጥፊ ለብቻው በባትሪ አገናኘው። ሞተሩ ቃተተ፣ ዘግየት ብሎ ዞረ፣ ትንሽ ቆይቶ ጋለ። ሲግል ሽታ መጣ።

ሉጥፊ ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የናጂያ ቀሚስ ሽታ ነው፣ የሻሿ ሽታ ነው፣ ማታ ከዐሳራው ስትመለስ የምታቅፍበት እጅ ሽታ ነው። የሰሊጥ ዘይት።

ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጥርሶች ክዳን ከፈተ። ውስጡ ቡናማ ሆኖ ተጋግሯል፤ ሱቅ የሚሸጠው ሲምሲሚያ የሰሊጥ ከረሜላ እንጂ የባቡር ሆድ አይመስልም። ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተገለጠለት። የሰሊጥ ዘይት መጀመሪያ ያለሰልሳል፣ ሲሰነብት ሙጫ ይሆናል። ጥርሶቹ ተጣበቁ። ሞተሩ ለመዞር ሲታገል ብዙ ኤሌክትሪክ ሳበ። ካርዷ ደግሞ እንዳትቃጠል ራሷን አጠፋች፣ እንደገና ተነሣች፣ እንደገና አጠፋች። ምስኪን፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ራሷን ስታድን ነበር፤ እሱ ግን ሄዳለች ብሎ ፈረደባት።

መደርደሪያውን ቀና ብሎ አየ። አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ጠርሙስ እዚያ አለ። ተጋምሷል።

"የአኑዋር ዘይት ሲያልቅ ይህን ይቀባት ጀመር" አለች አማል ከደጃፉ። "እንዴት እንደሚወደው። ከሚበላ ዘይት የተሻለ ከየት ይመጣል ይላል። ደግሞ በቀባ ቁጥር፣ ይህን የጨመቀች ሴት እጇ ይባረክ ይላል። ከናንተ ቤት የወደደው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።"

ሉጥፊ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ኢንቲሳር ለመጥፋት ምን ያህል እንደቀራት አሰበ፤ ያውም በእናቱ እጅ፣ ያውም ለእሱ ሲባል በተላከ ስጦታ። ቢናገር፣ ሐጂ ከናንተ ቤት የመጣ ነው ሚስቴን ሊገድልብኝ የነበረው ይላሉ፤ ናጂያም ዳግመኛ በዚያ በር ቀና ብላ አትገባም። ዝም ቢል፣ የፊታችን ጁምዓ ያው ጠርሙስ ይከፈታል።

"አቧራ ነው በለው" አለች አማል ቀስ ብላ። እሷም ፈርታለች።

"ጁምዓ ይቀቧታላ።"

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ቦርሳው ውስጥ የስፌት መኪና ዘይት አለ፤ ቀጭን ነው፣ ሙጫ አይሆንም፣ ለእንዲህ ያለ ሞተር ተስማሚ ነው። ተነሥቶ ጠርሙሱን አወረደ፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ፈታ። "ይሄን እደፋዋለሁ፣ በምትኩ የመኪናውን እሞላዋለሁ። ጨርቁን መልሼ አስራለሁ። እሳቸውም ደስ እንዳላቸው ይቀባሉ፣ እናቴም እንደተመረቀች ትኖራለች፣ ማንም..."

አማል እያየችው ነበር። "አባቴ ፉሉ ላይ የሚጨምረው ከየትኛው ጠርሙስ ይመስልሃል?"

ሉጥፊ የተከፈተውን ጠርሙስ እንደያዘ ቀረ። ሊለውጥ ነበር። ምንም አልቀይርም ብሎ ሐጂን በለመነ በዚያው ቀን፣ እዚያው ዲዋናቸው ውስጥ፣ ዘይት ሊለውጥባቸው ነበር። ጨርቁን መልሶ አሰረና ጠርሙሱን ቦታው አስቀመጠ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሞተሩን ማጠብ ያዘ።

አልኮል በጥጥ፣ ጥርስ በጥርስ። የተጋገረውን በእንጨት ስንጥር ፈቀፈቀ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚያስገቡትን ካርቦኖች አውጥቶ ጠረገ፣ የሚነኩትን መዳብ እስኪያበራ ወለወለ። በባትሪ ሞከረው፤ አሁን ሞተሩ ሳይቃትት ሽው አለ። በመርፌ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት እየነካ አስገባ። ሐጂ ከሶላት ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩት ነበር፤ ሁለቱን ሽቦዎች መልሶ በእርሳስ እስኪያጣብቅ ጠበቁ።

"እህ?"

"ሐጂ፣ ካርዱ አልሄደም።" ሉጥፊ ተነሥቶ ቆመ። "ያሳመማት ዘይቱ ነው። የሰሊጥ ዘይት ሞተር ላይ ሲሰነብት ሙጫ ይሆናል። አጥብቆ ያዛትና ካርዷ በሙቀት ልትቃጠል ነበር። ዘይቱ የእናቴ ነው። ሽማግሌዎቹ ያመጡት ነው። እናቴ ይህን አላወቀችም፤ እርስዎም አላወቁም። እኔ ግን ነግሬዎት ልሂድ፤ አለዚያ ጁምዓ መልሰው ይቀቧታል።"

ሐጂ ወደ መደርደሪያው ሄደው ጠርሙሱን አነሱ፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። የታጠበበትን ጥጥ አነሱና ቡናማውን ነገር በጣታቸው አሹት። "ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ስቀባ ኖሬ" አሉ ለራሳቸው። "በገዛ እጄ ልገድላት።" አማል ከበርጩማው ተነሣች።

ከዚያ ሪሞቱን ያዙና ባቡሯን ሀዲዱ ላይ አስቀመጡ። ዱግ ዱግ ዱግ አለች። ቁልፉን ገፋ አደረጉት። ባቡሯ ሳትነጫነጭ፣ ሳትቋረጥ ተንቀሳቀሰች፣ ጠረጴዛውን ዞረች። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ሐጂ ጡሩምባውን ነኩ፤ አንድ ረዥም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረዥም። ረዥሙ አላቋርጥ ብሎ ዲዋኑን ሞላው። በመጨረሻም ከዚያች ክንድ ከማትሞላ ነገር ሆድ የአንዲት ሴት ድምፅ ወጣ፤ ሳቅና ቁጣ የተቀላቀለበት።

"ይበቃሃል ጀማሉ፣ ሰው አደነቆርክ።"

አማል በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሐጂ ባቡሯ ዞራ እስክትቆም ጠበቁ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"አንተ ልጅ" አሉ።

"አቤት ሐጂ።"

"አሁን የቀባሃት ዘይት ምን ዓይነት ነው?"

"ቀጭን ዘይት ነው ሐጂ። የስፌት መኪና ዘይት።"

"ጠርሙሱን እዚህ ተውልኝ። በመርፌ ጫፍ ነው አይደል? አየሁህ።" ባቡሯን በነጩ ጨርቅ ወለወሉና ወደ ልጃቸው ዞር ሳይሉ ቀጠሉ። "የፊታችን ጁምዓ እናትህን ይዘሃት ና። ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ራሷ ትምጣ። ዘይቷንም ትያዝ፤ ይሄኛው ተጋምሷል።"

ሉጥፊ የሰማው አልገባውም። "ዘይቱን ሐጂ? ዘይቱን እኮ..."

"ለፉል" አሉ ሐጂ ጀማሉ። "ኢንቲሳር ጡሩምባውን ስትሰማ የምትጥደው ፉል ላይ ሌላ ዘይት አይገባም ነበር፣ የሰሊጥ ብቻ። ከሞተች ወዲህ እንደ ናጂያ ዘይት ያለ አላገኘሁም።"

ሉጥፊ እጃቸውን ሳመ፤ ከዚያ ምን እንዳደረገ በደንብ አያስታውስም። ቴስተሩንም ካውያውንም እዚያው ትቶ ወጣ። ረክሻ ሲጠብቅ ነው አማል ከበር ሆና ስትስቅ የሰማት። ወደ እግሩ እያመለከተች ነበር። ጎንበስ ብሎ ቢያይ በአንድ እግሩ የራሱን ጫማ፣ በሌላው የሐጂን አድርጓል።

"መልሰው" አለችው፤ "ነገ ደግሞ አባቴ ለወጠብኝ እንዳይል።"